ቁልቁለቱን በነፃ

አባቴ በአንድ ሊትር ናፍጣ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ይሄድ ነበር። በልጅነቴ ከስሜ ቀጥሎ የማውቀው ነገር ይህ ነው። ሰው "አባትሽ ምን ይሠራል?" ሲለኝ "ሹፌር ነው" ብዬ አላቆምም፤ "አሥራ አንድ ይሄዳል" እላለሁ። ጠያቂው ግራ ይገባዋል፤ እኔ ደግሞ ያልሰማኝ እየመሰለኝ ጮክ ብዬ እደግምለታለሁ።

የሚነዳት መኪና የጤና ቢሮው ነበረች። ፎርዊል፣ የናፍጣ፣ ከእኔ በአሥር ዓመት የምትበልጥ። ሹፌሮቹ "አሮጊቷ" ይሏታል። ጠዋት ስትነሣ ትንፈራገጣለች፣ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ከዚያ እያጉረመረመች ትስተካከላለች። አባቴ ግን እንደ ታማሚ ሰው ነበር የሚይዛት። ከመውጣቱ በፊት አራቱንም ጎማ ይለካል፤ የላላ ጎማ ናፍጣ ይጠጣል ባይ ነው። ጣሪያዋ ላይ የነበረውን ዕቃ መጫኛ ንፋስ ይይዛል ብሎ ፈትቶ ግቢያችን ውስጥ አስቀምጦታል፤ እናቴ ልብስ ታሰጣበታለች። ሰው ሲጠብቅ ሞተር አስነስቶ አይቆምም። ነዳጅ መስጫውን ሲረግጥ እግሩ ሥር የተኛ ሕፃን ያለ ይመስል ነበር።

ፍጥነት መለኪያው ላይ፣ ሥልሳ ቁጥር ጋ፣ ከጤና ጣቢያ ያመጣትን የቁስል ፕላስተር ቆርጦ ለጥፏል። ጠቋሚዋ ፕላስተሯን ካለፈች መናገር የእኔ ሥራ ነው። ትምህርት ሲዘጋ ከኋላ፣ በክትባት ሳጥኖቹ መሃል እቀመጥና አንገቴን በሁለቱ ወንበሮች መካከል አስግጌ ዓይኔን ከጠቋሚዋ አልነቅልም።

"አለፍክ፣ አባዬ።"

"አየኋት፣ አለቃዬ" ይላል፣ እግሩን ያነሳል።

ከጎኑ የምትቀመጠው የክትባት ነርሷ ነበረች። እትዬ እላት ነበር። ቀጭን፣ ሣቂታ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከረሜላ የማይጠፋ። ልጆች ሁሉ መርፌዋን ስለሚፈሩ ከከረሜላዋ ጋር ብቻዬን የቀረሁ ወዳጇ እኔ ነበርኩ።

የመንገዱ ሁሉ ጌጥ ግን ቁልቁለቱ ነው። ከጠረፉ ጤና ጣቢያ ስንመለስ፣ ከተራራው አናት እስከ ታችኛው ድልድይ ድረስ ሰባት ኪሎ ሜትር እየተጠማዘዘ ይወርዳል። አናቱ ላይ ስንደርስ አባቴ ማርሹን ነፃ ያደርግና ወደ እኔ ዘወር ብሎ "ተዘጋጅተሻል?" ይለኛል። ከዚያ ቁልፉን ይመልሰዋል። የአሮጊቷ ጉርምርምታ እልም ይላል። ጆሮዬ በድንገት ይከፈታል፤ ጎማው አሸዋውን ሲጨፈልቅ፣ የክትባት ጠርሙሶች በሳጥናቸው ውስጥ ሲንቀጫቀጩ፣ ንፋሱ በመስኮቱ ጠርዝ ሲያፏጭ እሰማለሁ። ከወንበሩ ሥር የሚመጣው የናፍጣ ሽታ ይሳሳል።

"አሁን በነፃ ነው የምንሄደው" ይላል አባቴ። "አንዲት ጠብታ አትወጣም።"

እትዬ በዚያን ጊዜ አትናገርም። ከበሩ በላይ ያለውን መያዣ በሁለት እጇ ጨብጣ ዓይኗን ትጨፍናለች። ፀጥታውን የምታጣጥም ይመስለኝ ነበር። እኔም አንዳንዴ እሷን አይቼ እጨፍናለሁ።

ታች ስንደርስ፣ አባቴ ሞተሩን ሲያስነሣ፣ ዓይኗን ትገልጥና "ተው ብዬሃለሁ እኮ፣ ወንድሜ" ትለዋለች።

"የስድስት ዓመት ልምድ ነው፣ አትፍሪ።"

"እኔ ለራሴ ብቻ ነው እንዴ የምፈራው? ይህቺን ልጅ ይዘህ።"

እኔን የምትፈራልኝ ትምህርቴን እንዳልረሳ ነው ብዬ አሰብኩ። ሁልጊዜ "አጥኚ" ስለምትለኝ።

የዚያን ዓመት ከዋናው ቢሮ ፋይል የያዘ ሰው ቤታችን መጣ። አባቴን ጠየቀው፣ ጻፈ፣ ከአሮጊቷ ጋር ፎቶ አነሳው። ከሦስት ሳምንት በኋላ አባቴ የምስክር ወረቀትና የሱፍ ብርድ ልብስ ይዞ ገባ። "በነዳጅ አጠቃቀም አርአያ የሆነ ሹፌር" ይላል ወረቀቱ። እናቴ በመስታወት አስገብታ ከልብስ ስፌት መኪናዋ በላይ ሰቀለችው። ሹፌሮቹም ከዚያ ወዲህ "ጠብታ" የሚል ስም አወጡለት። በመንገድ ሲያልፍ "ጠብታ መጣ" ሲሉ እሰማለሁ። ለአባቴ የወጣለት የፍቅር ስም ነው ብዬ እኮራ ነበር።

ዛሬ የማውቀው ሌላ ነው። ቢሮው የእሱን አሥራ አንድ አየና "እሱ ከቻለ እናንተ ምን ነካችሁ?" ብሎ የሹፌሮቹን ሁሉ ናፍጣ በዚያው ልክ ቆረጠው። ዘጠኝ እንኳ በጭንቅ የሚሄድ መኪና የያዘ ሰው መንገድ ላይ እየቀረ ጀሪካን ተሸክሞ በእግሩ ተመለሰ። "ጠብታ" ሲሉ ጥርሳቸውን ነክሰው ነበር። የባሰው ደግሞ ልኩ ለራሱ ለአባቴም መሆኑ ነው። አሮጊቷ በየወሩ እያረጀች፣ ናፍጣ እየበላች ትሄዳለች፤ እሱ ግን አንዴ አርአያ ተብሏልና ወደ ዘጠኝ መመለስ አይችልም። የጎደለውን ሁሉ የሚያሟላው ከዚያ ቁልቁለት ላይ ነበር። በየሳምንቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ያጠፋል፣ ትንሽ ዘግይቶ ያስነሣል።

አደጋው የደረሰ ቀን እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ። ስመለስ ቤታችን በጎረቤት ተሞልቷል። አሮጊቷ ድልድዩ ጋ ተገልብጣለች፣ አባዬ ክንዱ ተሰብሮ ሐኪም ቤት ተኝቷል ተባልኩ። "እትዬስ?" ስል እናቴ "ወደ ትልቁ ሐኪም ቤት ወሰዷት" አለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። ጎረቤታችን "ምን በወጣት" ብላ ጀመረችና እናቴ በዓይኗ አስቆመቻት። ለእትዬ ከረሜላ ገዝቼ እንድልክላት ለመንኩ። እናቴ ሳንቲም ሰጠችኝ። ከረሜላውን ገዝቼ መሳቢያ ውስጥ አኖርኩት፤ እስኪቀልጥ ድረስ የሚወስድላት ሰው አልተገኘም።

በአራተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ፋይል የያዘ ሰው በሩን አንኳኳ። እናቴ ክር ልትገዛ ወጣ ብላ ነበር። ሰውየው ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ድምፁ ለስላሳ ነበር። ከዋናው ቢሮ የመጣው ሌላኛው ሰው ትዝ አለኝና ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ሁለተኛ ሽልማት። አባዬ ክንዱ ተሰብሮ ሲያዝን ደስ ሊያሰኙት ነው።

"እናትሽ እስክትመጣ ልቀመጥ?" አለ።

ወንበር አቀረብኩለት። ግድግዳውን ቀና ብሎ አየ።

"ይሄ የአባትሽ ነው?"

"አዎ። አሥራ አንድ ይሄዳል።"

"በዚያች አሮጌ መኪና?" ከልቡ ተገርሟል። "እንዴት አድርጎ ቻለ?"

ያንን ጥያቄ ስምንት ዓመት ሙሉ ስጠብቀው የነበርኩ ይመስል አፌ ተፈታ። ስለ ጎማው ነገርኩት። ስለ ዕቃ መጫኛው፣ ስለ ፕላስተሯ፣ የእኔ ሥራ ምን እንደሆነም ጭምር። እሱ ፈገግ እያለ ይሰማል። ሽልማቱ እንዳያመልጠን ትልቁን ነገር ለመጨረሻ አስቀምጬዋለሁ። የእናቴን በርጩማ ሳብኩና መሪ እንደያዘ ሰው ተቀመጥኩ።

"ቁልቁለቱን ደግሞ በነፃ ነው የምንወርደው" አልኩ። "እንዲህ ያደርግና" ቁልፉን አዞርኩ "ጸጥ።"

ፈገግታው እዚያው ቀረ። "ሞተሩን አጥፍቶ?"

"አጥፍቶ ነዋ። ድልድዩ ድረስ አንዲት ጠብታ አትወጣም።"

"አንዳንዴ ነው ወይስ ሁልጊዜ?"

አንዳንዴ ብል ሽልማቱ ይቀንሳል ብዬ ሰጋሁ። "ሁልጊዜ" አልኩት። "ሌሎቹ ሹፌሮች ይፈራሉ። አባዬ አይፈራም።"

ቀና ስል እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። መቼ እንደደረሰች አላውቅም። ክሮቹን የያዘችበት ከረጢት ከእጇ ወድቆ አንዱ ጥቅል እየተፈታ ወደ አልጋው ሥር ተንከባለለ።

"ልጅ ናት" አለች ሰውየውን። "ስምንት ዓመቷ ነው።"

ተነሣ። "የልጅ ቃል አልጽፍም፣ እመቤት። ግን የሰማሁትን አልሰማሁም ልልዎ አልችልም።"

ሲወጣ እናቴ ተንበረከከችና ሁለት ትከሻዬን ያዘች። ጣቶቿ አመሙኝ።

"ይህን ሰውዬ አላየሽውም። ሲመጣ ተኝተሽ ነበር። እሺ? ለአባዬም ቢሆን አትነግሪውም። መቼም።"

"ሽልማት ስለሆነ ነው?"

 "አዎ" አለች። "ሽልማት ስለሆነ ነው።"

ምስጢር በመጠበቅ የሚያህለኝ አልነበረም። አፌን እንደለጎምኩ ኖርኩ።

አባቴ ለመርማሪዎቹ የሰጠው ቃል "ፍሬን እምቢ አለኝ" የሚል እንደነበር ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። መካኒክ ፍሬኑን ፈትቶ አየው፤ ምንም አልነበረበትም። ነገሩ በዚያ ግራ እንዳጋባ ሊቀር ሲል መርማሪው "ሞተሩ ጠፍቶ ነበር ወይ?" ብሎ ጠየቀው። አባቴ አንድ ጊዜ ዋሽቷል፤ ሁለተኛ የመዋሸት አቅም አልነበረውም። ሦስት ዓመት ተፈረደበት። እኔ "ሥልጠና ሄዷል" ተባልኩ። ልጆች የማይገቡበት፣ የረጅም ጊዜ የሹፌሮች ሥልጠና። አንድ የሹፌር ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ "አባትሽ ነርሷን ገድሎ ነው የታሰረው" እስኪለኝ ድረስ አንድ ዓመት ሙሉ አምኜ ኖሬያለሁ። እትዬ መሞቷንም የሰማሁት ያኔ ነው። ያን ዕለት ቤት ገብቼ ትራስ ነክሼ አለቀስኩ።

ሲፈታ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። የገባው ሰውዬ ከስቷል፣ ፀጉሩ ሸብቷል፣ እኔን አቅፎ ከእናቴ ፊት ዝም ብሎ አለፈ። ከዚያ ወዲህ በእኔ በኩል ነው የሚያወራት። "እናትሽን ሸሚዜ የት ነው በያት።" ሁለት ሜትር ራቅ ብላ ተቀምጣ እየሰማች። እናቴም ለእኔ ትመልሳለች፣ እኔም እደግምለታለሁ። እስር ቤት የሰው ንግግር የሚያልቅበት ቦታ ይመስለኝ ነበር፤ ለእኔ የቀረችውን ጥቂት ቃል ቆጥቦ አመጣልኝ ብዬ አሰብኩ። በዓመቱ ልብሱን በፌስታል ጠቅልሎ ወደ አክስቴ ቤት ሄደ። ድጋሚ አልተመለሰም፣ መሪም አልያዘም።

በእናቴ ፈረድኩ። ሌላ ምን ላድርግ? አባቴ የተጎዳ ሰው ነው፣ እሷ ደግሞ ቀን ሙሉ ስፌት መኪናዋ ላይ ተደፍታ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፣ አንድ ቀን ሄዳ "ና ወደ ቤትህ" አላለችውም። በአሥራ አምስት ዓመቴ ፊት ለፊቷ ቆሜ "አንቺ ነሽ ያባረርሽው" አልኳት። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና "ይሁን" አለች። ያን "ይሁን" ስንት ዓመት ጠልቼዋለሁ።

አድጌ የመኪና መንዳት አስተማሪ ሆንኩ። ከሁሉ ሥራ ለምን እሱን እንደመረጥኩ የሚጠይቀኝ ብዙ ነው። የአስተማሪዎች ሥልጠና ላይ፣ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር፣ አንድ አዛውንት መምህር የድሮ የአደጋ መዝገቦችን እያነበበ ያስረዳን ነበር። ስም አይጠራም። አንደኛው መዝገብ የጤና ቢሮ መኪና ነበር። ፎርዊል፣ የናፍጣ፣ ቁልቁለት፣ ድልድይ። "ፎቶው ላይ እንደሚታየው" አለ መምህሩ "ፍጥነት መለኪያው ላይ ፕላስተር ተለጥፏል። ጠንቃቃ ሰው ነበር ማለት ነው።" ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ብዕሬን አስቀመጥኩ።

ቀጠለ። ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑን የሚያግዘው ኃይል ለሁለት ለሦስት ርግጫ ብቻ ነው የሚተርፈው፤ ከዚያ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። መሪውም ይከብዳል። "ሹፌሩ መጀመሪያ ክዷል። ኋላ ግን ከቤተሰብ አባል በተገኘ ጥቆማ ሲጠየቅ አምኗል።" መነጽሩን አወለቀ። "እኔን የሚያሳዝነኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ማርሽ ውስጥ ትቷት እግሩን ቢያነሣ ኖሮ፣ ሞተሩ እየዞረ፣ ፓምፑ ናፍጣ አይሰጥም ነበር። ፍሬኑም ይሠራል፣ ማርሹም ይይዛታል። ያን ሁሉ ዓመት አንዲት ጠብታ አላተረፈም።"

እረፍት ሳይባል ወጣሁ። ከቤተሰብ አባል። ቤታችን ውስጥ ከአባቴ ሌላ ሁለት ሰው ብቻ ነበርን።

እናቴ እንደ ሁልጊዜው ስፌት ላይ ነበረች። ሰማያዊ ዩኒፎርም እስከ ጣሪያ ተከምሯል።

"እኔ ነኝ አይደል?" አልኳት። "ለሰውየው የነገርኩት።"

ምን ሰውዬ አላለችም። መኪናዋን አቆመች።

"አባትሽ ችሎት ላይ 'ከቤተሰብ' ሲባል ሰማ" አለች። "ልጠይቀው ስሄድ የመጀመሪያ ቃሉ 'አንቺ ነሽ?' የሚል ነበር። አዎ አልኩት።"

"ለምን?"

"አንቺ ስምንት ዓመትሽ ነበር፣ እኔ ሠላሳ አራት። ማን ይሸከመው?"

"ልነግረው ነው።"

"አትንገሪው።" እጄን ያዘች፤ ጣቶቿ በመርፌ የተበሳሱ፣ ሻካራ ናቸው። "ልጅ አለኝ ብሎ ነው በሕይወት ያለው። እኔን ጠልቶ መኖር ችሏል። አንቺን ከጠላ አይኖርም። አንቺም አትኖሪም። ይህን ሁሉ ዓመት የቻልኩት ለዚያ ነው።"

እኔ ግን ሄድኩ። እውነት መናገሬ አልቆጨኝም፤ ይህን ላስቀድም። እትዬ እናት ነበረቻት፤ ችሎቱ ላይ አንድም ቀን ሳትቀር ከመጨረሻው አግዳሚ ላይ ትቀመጥ ነበር አሉ። ልጇ በምን እንደሞተች ማወቅ ይገባት ነበር። የማልችለው የእናቴን "ይሁን" ነው።

አባቴ የአንድ መጋዘን ዘበኛ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ደረስኩ። በቆርቆሮው ጎጆ ውስጥ አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥንና ነገርኩት። አላቋረጠኝም። የጭነት መኪና መጣ፣ ተነሥቶ በሩን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ተመልሶ ተቀመጠ።

"ሰውየውን ምን አልሽው? እንዳልሽው አድርገሽ ንገሪኝ።"

ነገርኩት። በርጩማውን፣ ቁልፉን ማዞሬን፣ "አባዬ አይፈራም" ማለቴን። እዚያ ስደርስ በመዳፉ ዓይኑን ሸፈነ። የተቆጣ መስሎኝ ነበር።

"በጣም እፈራ ነበር እኮ" አለ። "በየጊዜው እፈራ ነበር።"

 ከዚያ ትከሻዬን አቀፈኝ።

"አንቺ መሆንሽን ባውቅ ኖሮ" አለ "በማግሥቱ ይወጣልኝ ነበር። ልጅ ናት፣ በእኔ ኮርታ ነው እል ነበር። እስር ቤት ውስጥም ቢሆን ይህን እያሰብኩ እስቅ ነበር። እሷ ግን ትልቅ ሰው ናት፣ አውቃ አሳልፋ ሰጠችኝ ብዬ..." ሳይጨርሰው ቀረ።

"ናና ይህንኑ ንገራት። አሁን እንሂድ።"

"በምን ዓይኔ ላያት?" ራሱን ነቀነቀ። "ደግሞስ ምን ብዬ? የተሸከምሽው በከንቱ ነው ልበላት? አሥራ ዘጠኝ ዓመቷን ያጠፋችው አንቺን ከእኔ ላድን ብላ ነው። እኔ ደግሞ ላንቺ ክፉ አልነበርኩም።" እጄን ጨመቀ። "ምን አለሽ ካለችሽ፣ አባረረኝ በያት። ያዳነችሽ ይምሰላት። ሌላ የምሰጣት ነገር የለኝም።"

ለመንኩት። ሌላ የጭነት መኪና ጥሩምባ ነፋና ተነሥቶ ወደ በሩ ሄደ፤ አልተመለሰም፤ እስክወጣ ድረስ ጀርባውን ሰጥቶ እዚያው ቆመ።

እናቴ መብራት ሳታበራ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። አመሻሹ ላይ ነው። በእጇ ያለ ሥራ የለም፤ እንዲህ ሆና አይቻት አላውቅም።

"ነገርሽው?"

"ነገርኩት።"

"ምን አለ?"

ከመጋዘኑ እስከ ቤት ድረስ በእግሬ ነበር የመጣሁት፤ ምን እንደምል መንገዱን ሙሉ ሳላውቅ። ፊቷን አየሁት። ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ሰባ ትመስላለች።

"በሩን አሳየኝ" አልኳት። "ልጄ አይደለሽም፣ ድጋሚ እንዳላይሽ አለኝ።"

ትንፋሿን ረጅም አድርጋ አወጣች። ሳበችኝና ራሴን ደረቷ ላይ አስደግፋ ፀጉሬን እንደ ልጅነቴ ትደባብሰኝ ጀመር።

"አላልኩሽም?" አለች። "በስምንት ዓመትሽ ይህን ብትሰሚ ኖሮ እስቲ አስቢው። እንኳን እኔ ሆንኩ።"

"እንኳን አንቺ ሆንሽ፣ እማዬ" አልኳት።